በቅርጫት ተሰቅሎ ዓባይን ማየት

አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። መሪ የሌለው፣ ፍሬን የሌለው፣ ሾፌሩ ራሱ የት እንደሚያወርዳችሁ ከመነሳቱ በፊት በእርግጠኝነት የማይነግራችሁ ታክሲ ቢመጣ ትሳፈራላችሁ? «ኧረ ወዲያ!» እንደምትሉ አውቃለሁ። እንግዲህ በዚህ ዓለም ላይ በየማለዳው በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስተው፣ ወረፋ ይዘው፣ በዶላር ከፍለው እንዲህ ያለ ነገር ላይ ይሳፈራሉ። ባለፈው ኅዳር ከእነሱ አንዷ እኔ ነበርኩ።

ነገሩ ባሉን ነው። ልጆች በልደት ቀን የሚነፉትን «ፊኛ» እንለዋለን፤ ይኼኛው ግን ቁመቱ ስምንትና ዘጠኝ ፎቅ ሕንፃ የሚያክል፣ ከሥሩ ቅርጫት የተንጠለጠለበት፣ በእሳት በሚሞቅ አየር የሚነሳ ግዙፍ ጨርቅ ነው። የተሳፈርኩት ግብፅ፣ ሉክሶር ከተማ ላይ ነው። ካይሮ የሄድኩት ለአጭር ሥልጠና ነበር። ሥልጠናው አልቆ የመመለሻ በረራዬ ሦስት ቀን ስለቀረው በማታ ባቡር ወደ ደቡብ ወረድኩ። እነሱ ግን «ወረድኩ» አይሉም። ወንዙ የሚመጣው ከደቡብ ስለሆነ ደቡቡን «ላይኛው ግብፅ» ነው የሚሉት። በእነሱ አነጋገር፣ ወጣሁ ማለት ነው።

ዋጋው ከየት መጣ?

መጀመሪያ ወደ ለመድኩት ጉዳይ ልግባ፣ ወደ ሒሳቡ። የከፈልኩት 65 ዶላር ነው። በወቅቱ ምንዛሪ ወደ አሥር ሺህ ብር ይጠጋል። በረራው 45 ደቂቃ ስለሚቆይ በደቂቃ 220 ብር ገደማ ማለት ነው። ጽሑፍ እየሸጠ ለሚኖር ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። በአንድ ደቂቃ የአንድ ቀን ምሳ ቁልቁል ሲወርድ ማየት ነው።

ግን ይኸው ተመሳሳይ ነገር፣ ማለትም ቅርጫት፣ እሳት፣ ፀሐይ መውጫ፣ ኬንያ ማሳይ ማራ ላይ ከ400 ዶላር በላይ ይጠየቅበታል። ማሳይ ማራ ላይ የቱሪስት ባሉን የተጀመረው በ1976 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ አላን ሩት የተባለው የዱር እንስሳት ፊልም ሠሪ እንስሳቱን ከላይ ለመቅረጽ ባሉን ካስነሳ በኋላ የመጣ ሐሳብ ነው። ታዲያ ለምን እዚያ ውድ፣ ሉክሶር ላይ ርካሽ ሆነ? ማራ ላይ ከከተማ የራቀ ሎጅ፣ የፓርክ ክፍያና ሲያርፉ በሜዳ ላይ የሚቀርብ ቁርስ አብሮ ይሸጣል፤ የደንበኛውም ኪስ ያው የሳፋሪ ኪስ ነው። ሉክሶር ላይ ግን ብዙ ድርጅቶች አንድ ሰማይ ላይ ይሻማሉ። ከተማው ቅርብ ነው፤ የሆቴል ክፍልም በርካሽ ይገኛል።

ሌላም ነገር አለ። ባሉኑ፣ ጋዙ፣ አብራሪው፣ ከሥር የሚከተለው መኪና፣ ገመድ የሚጎትቱት ሠራተኞች፣ ሁሉም ወጪያቸው አሥር ሰው ተሳፈረ ሃያ ሰው ብዙም አይለወጥም። ስለዚህ የመጨረሻዋ ባዶ ቦታ ለሻጩ ምንም አታስወጣውም ማለት ይቻላል። የሆቴሌ እንግዳ ተቀባይ ቀን ላይ 90 ዶላር ብሎ ጀመረ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ራሱ መጥቶ 65 አለኝ። ነገ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ያልተሸጠ ቦታ ዋጋው ዜሮ ነው። ልክ እንደ መሸበት ቲማቲም። ይህን ስለማውቅ ቀን ላይ ዝም ብዬ ሻዬን ጠጣሁ።

እናቴ እና ዕድል ስሌት

ለእናቴ ደወልኩላትና ነገርኳት። «አንቺ ልጅ፣ መሬት ጠበበሽ እንዴ?» አለች። ቀጥላም፣ «ያስተማርኩሽ እንድትሰቀዪ ነው?» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ስለ ዕድል ስሌት የተማርኩትን ሁሉ ባስረዳትም የምትሰማኝ አልሆነችም።

እናቴ ግን ያለ ምክንያት አልፈራችም። በየካቲት 2013 (እ.ኤ.አ.) እዚያው ሉክሶር ላይ 21 ሰዎች የጫነ ባሉን ሊያርፍ ሲል እሳት ተነሳበት፤ ሲቃጠል ተመልሶ ወደ ሰማይ ወጣና ወደቀ። 19 ሰዎች ሞቱ። በባሉን በረራ ታሪክ ከደረሱት አደጋዎች እጅግ ከከፉት አንዱ ነው። በ2018 ደግሞ ሌላ ባሉን ተከስክሶ አንድ ደቡብ አፍሪካዊ ቱሪስት ሞቷል። እነዚህን ሳላነሳ «እንዴት ያምር ነበር!» ብቻ ብላችሁ እንዋሻለን።

ታዲያ ለምን ሄድሽ ትሉኝ ይሆናል። ወሳኙ ጥያቄ «አደጋ ደርሶ ያውቃል ወይ?» የሚለው አይደለም፤ አውቶቡስም ይገለበጣል። የኔ ጥያቄ «ይህ ድርጅት ገንዘቤንና ሕይወቴን ሲያነጻጽር የቱን ይመርጣል?» የሚል ነበር። እሱን ደግሞ ማንም አፍ አውጥቶ አይነግርህም። ስለዚህ እንግዳ ተቀባዩን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት፦ «ለመጨረሻ ጊዜ በረራ የተሰረዘው መቼ ነው?»

«ከትናንት ወዲያ» አለኝ ሳያስብ። «ንፋስ ነበር። ሰዎቹ ጀልባ ላይ ከወጡ በኋላ ነው የመለስናቸው። ብራቸውንም መልሰናል፤ አንዷ ሴትዮ ግን እስካሁን እየሰደበችን ነው።»

ይህ መልስ ከማንኛውም የምስክር ወረቀት በላይ አረጋጋኝ። ማይክል ስፔንስ የተባለው ኢኮኖሚስት በ2001 የኖቤል ሽልማት የተጋራው፣ የሚያስከፍል ምልክት ብቻ የሚታመን ምልክት እንደሆነ በማሳየቱ ነው። «ደኅንነት ይቀድማል» ብሎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ምንም አያስከፍልም። ሃያ ሰው ወንዝ ካሻገሩ በኋላ ገንዘብ መልሶ መሸኘት ግን ያስከፍላል። ለእናቴም ይህንኑ ነገርኳት። «እሱ ደግ ሰው ነው» አለች ስለ እንግዳ ተቀባዩ። መፍቀዷ እንደሆነ ቆጠርኩት።

ሞቃት አየር ሰው ሲሸከም

ሉክሶር በወንዙ ለሁለት የተከፈለች ናት። ከተማው፣ ገበያውና የካርናክ ቤተ መቅደስ በምሥራቅ ዳር ናቸው። በምዕራቡ ዳር፣ ፀሐይ በምትጠልቅበት በኩል፣ ጥንታዊዎቹ ግብፆች ሙታናቸውን ይቀብሩ ነበር፤ የነገሥታት ሸለቆ የሚባለውና በ1922 የቱታንካሙን መቃብር የተገኘበት ቦታ እዚያ ነው። ባሉኖቹም የሚነሱት ከዚያው ከምዕራብ ነው። ስለዚህ ጉዞው የሚጀምረው በጨለማ፣ በሞተር ጀልባ፣ በወረቀት ኩባያ ሻይና በደረቅ ኬክ ነው።

ሜዳው ላይ ስንደርስ ባሉኑ መሬት ላይ ተዘርግቶ እንደ ሠርግ ድንኳን ተኝቷል። መጀመሪያ በትልቅ ማራገቢያ ቀዝቃዛ አየር ይሞሉታል። ሆዱ ሲነፋ እሳቱን ይለቁበታል። ድምፁን ከዚህ በፊት ካልሰማችሁ ያስደነግጣል፤ ቤት ውስጥ ያለ ቡታጋዝ አንድ ሺህ ጊዜ ተባዝቶ አንድ ላይ የተለኮሰ ይመስላል። ጋዙም የዚያው ዘመድ ነው፣ ፕሮፔን። ጨርቁ ቀስ እያለ ቀና ይላል፤ ቅርጫቱም አብሮ ይቆማል።

ሳይንሱ ቀላል ነው። የሞቀ አየር ከቀዘቀዘው ይቀላል፤ ጨርቁ ያንን ቀላል አየር እንዳይበተን ይይዘዋል። በባሕር ጠለል አካባቢ፣ ውስጡ ወደ 100 ዲግሪ ከሞቀና ውጪው 20 ዲግሪ ከሆነ፣ አንድ ሺህ ሜትር ኩብ አየር 250 ኪሎ ገደማ ማንሳት ይችላል። ሃያ ሰው፣ የጋዝ ሲሊንደሮቹን፣ ቅርጫቱንና የራሱን የጨርቁን ክብደት ለማንሳት ስንት ሺህ ሜትር ኩብ እንደሚያስፈልግ አስቡት። ያን ያህል የገዘፈው ለማማር ብሎ አይደለም።

ይህን ያወቁት የፈረንሳይ ወረቀት ሠሪ ቤተሰብ ልጆች፣ ሞንጎልፊየር ወንድማማቾች ናቸው። በመስከረም 1783 ቬርሳይ ላይ በንጉሡ ፊት በግ፣ ዳክዬና አውራ ዶሮ ጭነው አስነሱ። ሦስቱም በሕይወት ተመለሱ። በኅዳር ወር ሁለት ሰዎች፣ ፒላትር ደ ሮዚየርና ማርኪስ ዳርላንድ፣ ፓሪስ ላይ 25 ደቂቃ ያህል በረሩ። ከዚያ ወዲያ ሞቃት አየር ለረጅም ዘመን ተረሳ ማለት ይቻላል፤ ጭድ እያነደዱ ሩቅ መሄድ አይቻልማ። ዛሬ የምንሳፈርበትን፣ በፕሮፔን የሚሠራውን ባሉን ያስነሳው ኤድ ዮስት የተባለ አሜሪካዊ ነው፤ በ1960። እኔ ደግሞ ከበጉ 242 ዓመት በኋላ ተራዬ ደረሰ።

ቅርጫቱ በር የለውም። ጎኑ ላይ በተተዉ የእግር ማስገቢያ ቀዳዳዎች ተንጠላጥሎ ነው የሚገባው። ውስጡ እንደ እንቁላል ማስቀመጫ በክፍል በክፍል ተከፍሏል፤ አንዱ ክፍል አራት ሰው ይይዛል፤ መሐሉ የአብራሪውና የጋዙ ነው። አብራሪው ከመነሳታችን በፊት አንድ ትምህርት ብቻ ሰጠን፤ ስለ ማረፍ። «‹ላንዲንግ› ስል ቁጭ በሉ፣ ጀርባችሁን ወደምንሄድበት አዙሩ፣ ገመዱን ያዙ፣ እኔ ካላልኩ ማንም አይወጣም።» ሦስት ጊዜ አስደገመን። አንድ ሰው ከወጣ ባሉኑ በድንገት ይቀልና ተመልሶ ሽቅብ ይሄዳል፤ ለዚህ ነው።

ከዚያ መሬቱ ሄደ። ባሉን አይነሳም፣ መሬቱ ነው የሚሄደው። ንቅንቅ የለም፣ ግፊት የለም። ገመድ ሲጎትቱ የነበሩት ልጆች እዚያው ቆመው አነሱ፣ አነሱ፣ ከዚያ ነጠብጣብ ሆኑ። ከፍታ የምፈራ ሰው ነኝ፤ ሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ወደ ታች አላይም። እዚህ ግን ፍርሃቱ አልመጣም። ከመሬት ጋር የሚያገናኝ ግድግዳ ስለሌለ ዓይን ርቀቱን የሚለካበት ያጣል መሰለኝ። ንፋስም አይነካህም፤ ከንፋሱ ጋር እኩል ነው የምትሄደው። የሚሰማው እሳቱ ብቻ ነው። እሳቱ ሲቆም ደግሞ ከታች የውሻ ጩኸት፣ የአህያ ድምፅና የውኃ መሳቢያ ሞተር ቁልጭ ብሎ ይመጣል።

መሪ የለውም ብያችኋለሁ። አብራሪው የሚችለው ሁለት ነገር ነው። እሳት ጨምሮ ከፍ ማለት፣ ወይም አናቱ ላይ ያለውን ክዳን በገመድ ስቦ ሞቃቱን አየር እየለቀቀ ዝቅ ማለት። ታዲያ እንዴት ይነዳል? ንፋስ በተለያየ ከፍታ ወደ ተለያየ አቅጣጫ ይነፍሳል። ወደ ቀኝ መሄድ ሲፈልግ ወደ ቀኝ የሚሄደውን ንፋስ ፈልጎ እዚያ ከፍታ ላይ ይቆማል። በማለዳ የሚበረውም ለዚህ ነው፤ ፀሐይ መሬቱን ካሞቀችው በኋላ አየሩ መናወጥ ይጀምራል።

አረንጓዴው መስመር

ፀሐይ ከወንዙ ማዶ ብቅ ስትል በግምት ሦስት መቶ ሜትር ላይ ነበርን። ዙሪያችንን ሌሎች ባሉኖች፣ ሃያ ሠላሳ ይሆናሉ፣ ተንጠልጥለዋል። ከሥራችን ሁለቱ የሜምኖን ሐውልቶች ይታያሉ፤ ከመሬት ሲያዩአቸው 18 ሜትር ያህል የሚቆሙ ግዙፍ ድንጋዮች፣ ከላይ የቼዝ ጠጠር አክለዋል። በገደሉ ሥር የንግሥት ሀትሼፕሱት ቤተ መቅደስ አለ። እሱን እየፈለግኩ ነበር። በግድግዳው ላይ ከሦስት ሺህ አምስት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ንግሥቲቱ ወደ ፑንት ምድር የላከችው የመርከብ ጉዞ ተቀርጿል፤ የዕጣን ዛፎችን ከነሥራቸው በቅርጫት ተሸክመው ሲጭኑ ይታያል። ብዙ ተመራማሪዎች ፑንትን የሚያስቀምጡት በቀይ ባሕር ደቡባዊ ዳርቻና በአፍሪካ ቀንድ አካባቢ ነው። እኛ አካባቢ ማለት ነው። ንግዳችን የቆየ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ዓይኔ የቀረው ወንዙ ላይ ነው። ዓባይ መሐል ላይ ሰፊና ዝምተኛ ሆኖ ይሄዳል። በሁለቱም ጎኑ ሸንኮራ አገዳ፣ መኖ፣ ሙዝ፣ ተምር። ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ። ከዚያ በድንገት ያልቃል። ቀስ እያለ ወደ ቢጫ አይለወጥም፤ በማስመሪያ እንደተሰመረ ነው የሚቆመው። አንድ እግርህ ማሳ ላይ፣ አንዱ በረሃ ላይ መቆም ትችላለህ። በመጽሐፍ «ግብፅ የዓባይ ስጦታ ናት» የሚለውን ስንት ጊዜ አንብቤ ነበር። ከላይ ሲታይ አገሩ ያ መስመር ብቻ ነው፤ ሌላ የለም።

ከጎኔ የቆሙት ባልና ሚስት ግብፃውያን ነበሩ። ሰውየው ከጣንጣ ከተማ የመጡ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ የጋብቻቸውን 35ኛ ዓመት ለማክበር ነው የመጡት። በእንግሊዝኛ ጠየቁኝ።

«ከየት ነሽ ልጄ?»

«ከኢትዮጵያ።»

ዝም አሉ። ቅርጫት ውስጥ ዝም ሲባል ደግሞ መሄጃ የለም፤ ትከሻ ለትከሻ ነው የቆማችሁት። እሳቱ አንድ ጊዜ ጮኸና ቆመ።

«ግድቡ» አሉ። ጥያቄ አልነበረም።

«አዎ» አልኩ።

«ተመረቀ አይደል?»

«ጳጉሜን ላይ። በእናንተ ሴፕቴምበር።»

በጣታቸው ወደ ታች አሳዩኝ። «ይህን መስመር ታያለሽ? ከዚህ ወጣ ካልሽ አሸዋ ነው። ዝናብ የለንም። ለሠላሳ ዓመት ይህን ነው ካርታ ላይ ለልጆች ያስተማርኩት። ዛሬ ነው በዓይኔ ያየሁት።»

እውነቱን ለመናገር፣ ለዚህ ክርክር ዝግጁ ነበርኩ። ዩኒቨርሲቲ እያለን ስንት ጊዜ ተከራክረንበታል! 5,150 ሜጋ ዋት። 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ። አስዋን ከሚደርሰው ውኃ 85 በመቶ ያህሉ ከኢትዮጵያ ደጋ እንደሚነሳ። በ1959 ግብፅና ሱዳን ብቻቸውን ተፈራርመው ለግብፅ 55.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ሲደለደል እኛ ጠረጴዛው ላይ እንዳልነበርን። ሁሉም እውነት ነው፤ ዛሬም አምንበታለሁ። ብቻ እዚያ ላይ ቆሜ ቁጥር መደርደር አልፈለግኩም።

«እኛ ጋ ደግሞ ዝናብ አለ፣ መብራት የለም» አልኳቸው። «አያቴ ቡሬ በምትባል ከተማ አጠገብ ገጠር ውስጥ ነው የኖረችው። ወንዙ ከሚመነጭበት ሩቅ አይደለም። እስክትሞት ድረስ በኩራዝ ነው የኖረችው። ውኃው ተርባይኑን ከመታ በኋላ ወደ እናንተ ነው የሚመጣው።»

«ድርቅ ሲሆንስ?» አሉ።

ጥሩ መምህር እንደነበሩ ገባኝ። የዓመታቱ ድርድር ሲፋተግ የኖረው በዚህችው ጥያቄ ላይ ነው፤ ድርቅ ሲከታተል ማን ስንት ይለቃል፣ ስምምነቱስ ምን ያህል አስገዳጅ ይሁን።

«እሱ ላይ ነው ያልተስማማነው» አልኩ።

«አዎ፣ እሱ ላይ ነው» አሉ እሳቸውም።

ባለቤታቸው እንግሊዝኛ ብዙ አይችሉም። ምን እንደተባባልን በዓረብኛ ጠየቁ፤ ነገሯቸው። ቦርሳቸውን ከፍተው ብስኩት አወጡና መጀመሪያ ለእኔ ሰጡኝ።

ትንሽ ቆይተው መምህሩ፣ «ምንጩ ምን ይመስላል?» አሉኝ። ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ የሚባል ቦታ እንዳለ፣ ትንሽ ምንጭ እንደሆነ፣ ሕዝቡ እንደ ጸበል እንደሚያከብረው፣ እናቴ በልጅነቷ ሄዳ እንደነበር ነገርኳቸው። «አንቺስ?» አሉ። አላየሁትም። ክልሉ ውስጥ ግጭቱ ከተጀመረ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ እናቴ ራሷ የትውልድ መንደሯን አላየችም። ይህንንም ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ ምንም አላሉም።

የገበሬው ማሳ

«ላንዲንግ!»

ሁላችንም ቁጭ አልን። ቅርጫቱ መሬቱን አንዴ ነካና ነጠረ፤ ደግሞ ነካ፤ ትንሽ ተጎተተ፤ አዘመመና ቆመ። የመምህሩ ባለቤት እጄን ይዘው ነበር፤ ጥፍራቸው እስኪሰማኝ ድረስ። ሲቆም ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ። መኪናው ከኋላችን አቧራ እያስነሳ ደረሰና ልጆቹ ዘለው ወርደው ቅርጫቱን ያዙ።

ያረፍነው የከብት መኖ የተዘራበት ማሳ ላይ ነው። ጀለቢያ የለበሱ አንድ አዛውንት ከግመል ቤታቸው ወጥተው እየተራመዱ መጡ። አልተቆጡም፤ አልሳቁምም። የተረገጠውን መኖ ዞር ዞር ብለው አዩ። የሠራተኞቹ አለቃ ጠጋ ብሎ ሰላም አላቸው፤ ትንሽ ተነጋገሩ፤ ብር ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጋገር አየሁ። ከዚያ አዛውንቱ የተረፈውን ሰው ከማሳው ዳር እንዲሄድ በእጃቸው አስረዱ።

ክፍል ውስጥ ይህን «ኤክስተርናሊቲ» ብለን ነው የተማርነው፤ እኔ ስዝናና የማይመለከተው ሰው የሚከፍለው ዋጋ። መፍትሔው በመጽሐፍ ላይ ብዙ ቀመር አለው። እዚህ ማሳ ላይ ግን የተፈታው ሁለት ሰው ፊት ለፊት ቆሞ፣ የተበላሸውን አብሮ አይቶ፣ ተከራክሮ ነው። ነገ ንፋሱ ሌላ ማሳ ላይ ሲጥላቸው ደግሞ ከሌላ ገበሬ ጋር ይጀምራሉ። ከላይ የሚመጣው ሰው ከታች ያለውን ሰው ሁልጊዜ ያገኘዋል፤ ማረፉ አይቀርማ።

መሬቱን ትንሽ ዝቅ ብዬ በእጄ አፈስኩ። ጥቁር ነው። አስዋን ላይ ያለው ትልቁ ግድብ በ1970 እስኪጠናቀቅ ድረስ ወንዙ በየክረምቱ እየሞላ ማሳውን ያለብስ ነበር፤ የሚያለብሰው ደለል ደግሞ በአብዛኛው ከእኛ ደጋ የተጠረገ አፈር ነው። ግንድ ይዞ ይዞራል የምንለው ወንዝ እዚህ ያወረደው ይህን ነው። የጎጃም ገበሬ የአፈሩን መሸርሸር ሲያማርር፣ የሉክሶር ገበሬ በዚያው አፈር ላይ ሲያመርት ኖሯል። ሁለቱ ግን ተያይተው አያውቁም።

እኛስ?

ከተመለስኩ በኋላ የጓደኞቼ የመጀመሪያ ጥያቄ «እኛ አገር ለምን የለም?» የሚል ነው። በእኛም ሰማይ ባሉን የበረረባቸው ጊዜያት አሉ፤ ሥራ ሆኖ መቆየት ነው ከባዱ። አንደኛ ተፈጥሮ ራሱ ያስከፍለናል። ሉክሶር ከባሕር ጠለል 100 ሜትር እንኳ አትሞላም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ አየሩ ራሱ ስስ ስለሆነ ያው ባሉን የሚያነሳው ክብደት በሩብ ያህል ይቀንሳል። የማለዳው ብርድ ትንሽ ያካክሰዋል፤ ቢሆንም ለተመሳሳይ ወጪ የሚሸጠው ቦታ ያነሰ ነው። ክረምቱ ደግሞ ከዓመቱ ሦስት ወር ይወስዳል።

ሁለተኛው የሰው ነው፤ ይበልጥ የሚያሳስበኝም እሱ ነው። ባሉን የት እንደሚያርፍ አይታወቅም። ስለዚህ የትም ቢያርፍ ሰላም የሆነ አገር ይፈልጋል። ከሥር የሚከተለው መኪና በየትኛውም መንገድ መሄድ አለበት። ግብፆች ይህን በቀላሉ አላገኙትም፤ በ1997 እዚያው ሀትሼፕሱት ቤተ መቅደስ ላይ 62 ሰዎች በታጣቂዎች ከተገደሉ በኋላ፣ ደግሞም ከ2011 አብዮት በኋላ፣ የሉክሶር ሆቴሎች ባዷቸውን የቀሩባቸው ዓመታት ነበሩ። አሁን ያየሁት የሰው ብዛት ከዚያ ሁሉ በኋላ ተመልሶ የመጣ ነው። ተመልሶ መምጣቱ ለእኛም ተስፋ ይሰጣል። ላሊበላን፣ ጎንደርን፣ ጣናን ከላይ ማየት የሚፈልግ ሰው አይጠፋም። መጀመሪያ ግን በመኪና መድረስ ይቻል።

ለመሳፈር ለምታስቡ አንዳንድ ነገር ልበልና ላብቃ። ጠዋት ቀዝቃዛ ነው፤ አናታችሁ ላይ ግን እሳት አለ፤ ስለዚህ ጃኬትም ኮፍያም ያዙ። በጉዟችሁ የመጨረሻ ቀን አትያዙት፤ ንፋስ ከመጣ የምትመልሱበት ሌላ ማለዳ ይኑራችሁ። ከመክፈላችሁ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደሰረዙ ጠይቁ፤ «ሰርዘን አናውቅም» የሚል ካጋጠማችሁ ወደ ሌላው ሂዱ። ስልካችሁን ደግሞ ለአሥር ደቂቃ ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱት።

መምህሩ ስልኬን ወስደው ነበር። ባለፈው ሳምንት መልእክት ላኩልኝ፤ ለልጅ ልጆቻቸው የሚያሳዩት የምንጩን ፎቶ እንድልክላቸው። ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል፤ እሳቸውም ያንን መፈለግ አያቅታቸውም። የሚፈልጉት እኔ ያነሳሁትን ይመስለኛል። መንገዱ ሲከፈት ከእናቴ ጋር ሄጄ እልክልዎታለሁ ብዬ መለስኩላቸው። «እጠብቃለሁ» ብለዋል። እናቴም ከወዲሁ የጸበል ጀሪካን እያዘጋጀች ነው።